ቀይ ጨርቅ በግራ ክንድ

ሟቹ የተገኘው ልክ ዝነኛው ፎቶግራፉ ላይ እንዳለው ሆኖ ነው። በአሮጌዋ የራሊ መኪና መሪ ፊት ተቀምጧል፤ ሄልሜቱን አጥልቋል፤ የደረት ቀበቶውን ታጥቋል፤ በግራ ክንዱ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል። የጋራዡ የብረት በር ከውስጥ ተቀርቅሮ፣ ከሥሩ ያለው ክፍተት በአሮጌ ልብሶች ተጠቅጥቋል። ወደ ግቢው የሚያስወጣው ትንሽ በር ሲሳብ በራሱ የሚቆለፍ ነው። መኪናዋ ሞተሯ እንደተነሳ ቆይታ፣ ሰውየውን በጭሷ ገድላ፣ ነዳጇ ሲያልቅ ዝም ብላለች።

«አለቃ፣ ይሄ ምርመራ አያሻውም» አለ ሳጅኑ፣ አፍንጫውን በመሀረብ እንደያዘ። «የድሮው ጊዜ ናፍቆት ገደለው ብለን እንጻፍና ወደ ቁርሳችን እንሂድ።»

«ናፍቆት በር ሥር ጨርቅ ይጠቀጥቃል?»

«ሲብስበት ምን የማያደርገው አለ?»

መርማሪዋ ገና በሩ ላይ ቆማለች። መሥሪያ ቤት ውስጥ «ወይዘሮ ቀስ በቀስ» ነው የሚሏት፤ ሌላው ፖሊስ ሰፈሩን አዳርሶ ሲመለስ እሷ ገና የመጀመሪያው ቤት በር ላይ ቆማ እጀታውን ታያለች። ስሙን ሰምታዋለች። ቅር አላላትም፤ ቅር ለመሰኘትም ጊዜ ይወስድባታል።

ዛሬ ግን እግሯን የያዘው ልማዷ ብቻ አልነበረም። ሟቹን ታውቀዋለች። «ነፋሱ» ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት፣ ራሊ ራሊ በነበረበት ዘመን፣ አባቷ የልብስ ስፌት ሱቁን ቆልፎ፣ እሷን በጭነት መኪና ላይ ጭኖ ወደ ተራራው ይወስዳት ነበር። ማልደው ደርሰው ጥሩ ጠርዝ ይይዛሉ። አባቷ መኪናው ገና ከተራራው ጀርባ ሳለ በድምፁ ብቻ የማን እንደሆነ እለያለሁ ባይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ይሳሳታል፤ ጎኑ ያለውም ይሳሳታል፤ ክርክሩ ግን ከውድድሩ ይደምቃል። ከዚያ መኪናው ብቅ ይልና ዐይን ተርገብግባ ሳትጨርስ ያልፋል። የቀረው አቧራ ነው። «አቧራውን ሳትበዪ ራሊ አየሁ እንዳትዪ» ይላት ነበር፣ ጥርሱ ቀይ አፈር ለብሶ እየሳቀ።

ያቺን ዝነኛ ቀን ከአባቷ ትከሻ ላይ ሆና አይታለች። «የፈረስ ኮቴ» በሚባለው ጠመዝማዛ ላይ የነፋሱ መኪና በጎኗ እየተንሸራተተች፣ ሕዝቡንም ገደሉንም ሳትነካ አለፈች። በአሽከርካሪው መስኮት ብቅ ያለው ክንድ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮ ነበር። አንድ ፎቶ አንሺ ያንን አስቀረው። ከዚያ ወዲህ የራሊ ተመልካች ሁሉ በግራ ክንዱ ቀይ ጨርቅ ማሰር ያዘ። አባቷም ታስሮለት ነው የተቀበረው።

ይህን ሁሉ በልቧ ከበሩ ውጭ አስቀምጣ ገባች።

መጀመሪያ ያየችው ቋጠሮውን ነው። ጨርቁ በክንዱ ጀርባ፣ ወደ መስኮቱ በኩል ሁለቴ ተቋጥሮ፣ ጫፎቹ ወደ ውስጥ ተሸጉጠዋል። «ቋጠሮውን ሳትነኩ ከወዲህ በኩል ቆርጣችሁ አውጡልኝ» አለች። ቀጥላ ወደ ቀኙ መቀመጫ ዞረች። የናቪጌተሩ ወንበር ነው፤ ከአሽከርካሪው ጎን ተቀምጦ የሚመጣውን መታጠፊያ አስቀድሞ የሚናገረው ሰው ቦታ። ወንበሩ ውስኪ ፈሶበት ረጥቧል። ጠርሙስና አንድ ብርጭቆ ከሥሩ ተጋድመዋል። የሟቹ መነጽር ታጥፎ በቀኝ በኩል ባለችው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

«የሱሪውን መቀመጫ ዳስስልኝ።»

«የማንን? የሱን?» አለ ሳጅኑ። «ይሄ ደግሞ በየትኛው ደመወዝ ነው?»

«ዳስስ ባክህ።»

ዳሰሰ። «እንዴ! ርሷል። ውስኪ ውስኪ ይሸታል። የተቀመጠበት ወንበር ግን እምብዛም አልረጠበም።»

«የቀኝ እግሩ ጫማስ?»

ጫማው ከሟቹ እግር ላይ አልነበረም። በቀኙ መቀመጫ በኩል፣ ከማርሽ ዘንጉ ሥር ተወሽቆ ቀርቷል።

ሚስትየው ማዕድ ቤት ውስጥ አንዱን ኩባያ ደጋግማ ታጥባለች። ጠዋት መጥታ ያገኘችው እሷ ናት።

«የት ነበር ያደሩት?» አለች መርማሪዋ።

«እህቴ ዘንድ። እሱ ነው የላከኝ። ‹ዛሬ እንግዳ አለብኝ፣ ለብቻችን ተዪን› አለኝ።»

«እንግዳው ማን እንደሆነ አልነገረዎትም?»

«አልነገረኝም። ‹እሁድ በሠላሳኛው ዓመት በዓል ላይ ለሁሉም እናገራለሁ። ከዚያ በፊት ግን ለብቻው ልነግረው የሚገባኝ ሰው አለ› ነው ያለኝ።»

«ምኑን ነው የሚናገረው?»

ሴትየዋ ኩባያውን አስቀመጠች። «እሱን እህቱን ጠይቂያት። እኔ ሠላሳ ዓመት ከዚያ ጉድ ጋር አንድ አልጋ ላይ አድሬያለሁ። ዛሬ ደግሞ እኔው ላውጣው?»

ሳጅኑ ግቢው ውስጥ በሰፊ ፈገግታ ጠበቃት። ጎረቤት አዳርሶ መመለሱ ነው። «ይኸውልዎ አለቃ፣ ራስን መግደል ያልኩትን ትቻለሁ። የሟቹ እህት የጋራዡ ቁልፍ አላት። በሳምንቱ መጀመሪያ ላይ እዚህ መጥታ ‹ሳትናገር ብትሞት ሬሳህ ላይ አላለቅስም!› ብላ ስትጮህ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል። የበላያችንም ደውለው ነበር። ነገ እንድትያዝ ይፈልጋሉ።»

«እስከ ነገ እንግዲህ ብዙ ጊዜ አለን» አለች ወይዘሮ ቀስ በቀስ።

እህትየው የመኪና መንዳት አስተማሪ ናት። ፀጉሯ ሸብቷል፤ ድምጿ ግን ከሩቅ ይሰማል። ወንድሟ ሞቶም ሥራ ገብታለች።

«ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርገሽ ልቀቂ አልኩሽ እንጂ ዝለዪበት አልኩሽ?» ትላለች ለተማሪዋ። መኪናዋ እንደ ፍየል ሁለቴ ዘላ ጠፋች። «ውረጂ፣ ውሃ ጠጪ። እኔም ልረፍ፣ እሷም ትረፍ።»

ተማሪዋ ስትወርድ መርማሪዋ በአሽከርካሪው ቦታ ተተካች።

«እርስዎ ሥራ ላይ መሆንዎ ገረመኝ፣ እትዬ።»

«ቤት ብቀመጥ ማነው የሚያስተዛዝነኝ? ሰው ሁሉ የሚያለቅሰው ለነፋሱ ነው። ለወንድሜ የሚያለቅስ የለም።» ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «ልትይዢኝ ነው የመጣሽው?»

«ለመስማት ነው የመጣሁት። ምን እንዲናገር ነበር የፈለጉት?»

አሮጊቷ መስኮቱን ዘጋች። ከዚያ እንደ ቀላል ነገር አወራችው። ያን ዝነኛ ዕለት ከእሷና ከነፋሱ ፊት የነበረው መኪና ገደል ገባ። አሽከርካሪው የነፋሱ የልብ ጓደኛ ነበር። ነፋሱ ወርዶ አየው። ሲመለስ እጁ መሪ የሚይዝ እጅ አልነበረም።

«ናቪጌተሩ እኔ ነበርኩ። ‹አልችልም፣ አንቺ ንጂ› አለኝ። ከኮረብታው ጀርባ ሄልሜት ተቀያየርን። እሱ በቀኝ ተቀመጠ፤ እኔ ነዳሁ።»

«የፈረስ ኮቴውንም?»

«የፈረስ ኮቴውንም። እሱ ዐይኑን ጨፍኖ ነበር፤ አንዲት መታጠፊያ እንኳ አልነገረኝም።»

መርማሪዋ እጇን መሪው ላይ አደረገች። ከአባቷ ትከሻ ላይ ሆና ያየችው ክንድ የዚህች ሴት ክንድ ነበር።

«ቀዩ ጨርቅስ?»

«የኔ ነው እንጂ! የውድድር ሰዓቴን ክንዴ ላይ የማስርበት ጨርቅ። ናቪጌተር ሰዓቷን ካላሰረች የመታጠፊያዎቹን ማስታወሻ ስትገልጥ ይወድቅባታል። ለመፍታት ፋታ አልነበረም። ሰው ግን የነፋሱ የዕድል ምልክት ነው አለ። በየግብዣው እንዲያስረው ያስገድዱት ነበር። እቤት ሲገባ እንደ እከክ ነው የሚያወልቀው።»

«እንዴት ነበር የሚያስሩት? ያሳዩኝ።»

አሮጊቷ ሻርፗን ከአንገቷ ስባ በግራ ክንዷ ጠመጠመች፤ አንዱን ጫፍ በጥርሷ፣ ሌላውን በቀኝ እጇ ይዛ ሳበች። ቋጠሮው በክንዷ ፊት ለፊት፣ አፏ በሚደርስበት ቦታ ዐረፈ።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«‹ነገ አስተካክለዋለሁ› አለኛ። በነጋታው ዋንጫ ሰጡት። ከዚያ የመንገድ ሕፃናት ስሙን ይጠሩ ጀመር። ተይ እስኪበርድለት አልኩ፤ ሳይበርድለት አረጀሁ።» የወንበሩን ጠርዝ መታ መታ አደረገች። «ይኸው፣ ዛሬም ከቀኝ ወንበር አልወረድኩም። እሁድ እናገራለሁ ቢለኝም አላመንኩትም ነበር። አሁን ማን ያምነኛል? ገዳይ ናት ብለው ካሰሩኝማ፣ ዋንጫውንም ልትሰርቅ ነበር ነው የሚሉት።»

የነፋሱ መካኒክ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ «ካቻቢቴ» ይሉታል። ከአንድ መኪና ሥር ተጋድሞ ነው ያናገራት፤ የሚታየው እግሩ ብቻ ነበር።

«እህቱ ነች የነዳችው፣ ጋሼ?»

እግሩ ቀጥ አለ። ቆይቶ ድምፁ መጣ። «ሄልሜት ሲቀያየሩ ጎማ እየቀየርኩላቸው ነበር። ዝም በል አሉኝ፣ ዝም አልኩ። ዝም ማለት ደግሞ አይከብደኝም፣ ይኸው እንደምታይው።»

«ሟቹ አሮጌዋ መኪና ውስጥ ይቀመጥ ነበር?»

«ሲከፋው። ጠርሙሱን ይዞ በቀኝ በር ይገባል። መሪው ፊት ተቀምጦ አይቼው አላውቅም። ‹ጋሼ ነፋሱ፣ ያ እኮ የእህትህ ቦታ ነው› እለዋለሁ። ‹ቦታዬን አውቃለሁ› ይለኛል።»

የራሊ ተመልካቾች ማኅበር ሊቀመንበር ጡረታ የወጣ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነው። የማኅበሩ አዳራሽ የእሱ ሳሎን ነው። ከግድግዳው ላይ ቀለሙ አይታይም፤ ሁሉ ፎቶግራፍ ነው፣ መሀል ላይ ደግሞ ያ ክንድ፣ እንደ በር ገዝፎ። ጠረጴዛው ላይ ለእሁድ የተቆራረጡ ቀያይ ጨርቆች ተከምረዋል።

«ሚስቴ ጥላኝ የሄደችው በዚህ ምክንያት ነው» አለ ግድግዳውን እያሳየ። «‹ወይ እኔ፣ ወይ አቧራው› አለችኝ። አቧራው ቢያንስ አይጮህም።» ሳቀ፤ ወዲያው ሳቁን ዋጠው። «ትላንት እዚሁ ነበርኩ፣ ጨርቅ ስቆርጥ። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ልቤ ተሰብሯል።»

«እኔም የራሊ ልጅ ነኝ» አለች መርማሪዋ። «አባቴ ልብስ ሰፊው፣ ረጅሙ…»

«የልብስ ሰፊው ልጅ! እኛን በድምፅ መለየት ሲያሸንፈን የሚኮራብን!» ሊቀመንበሩ ዐይኑ እንባ አቀረረ። «የፈረስ ኮቴው ላይ ከጎኔ ነበር። ሁለታችንም አለቀስን። ምን ዓይነት ቀን ነበር! በሕይወቴ ያየሁት አንድ ትልቅ ነገር እሱ ነው።»

«እኔ አባል ሆኜ አላውቅም። አንዱን ያስሩልኝ?»

ሽማግሌው በደስታ ተነሳ። የአባሉን ጨርቅ ሊቀመንበሩ ራሱ ነው የሚያስረው፤ የማኅበሩ ወግ ነው። በጥንቃቄ አሰረላት። ሽማግሌውን ልትወደው አልመጣችም፣ ግን ወደደችው፤ የአባቷን ዘመን የሚያስታውስ ሌላ ሰው አልቀረምና። መንገድ ላይ ወጥታ ክንዷን እስክታይ ድረስ ወደደችው።

በማግስቱ ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሚስትየው በሩ ላይ ቆመች። ካቻቢቴ ከግድግዳው ተደገፈ። ሊቀመንበሩ ኮፍያውን አውልቆ እንደ ቤተ መዘክር ጎብኚ መኪናዋን ይመለከታል። እህትየው አጠገብ ሳጅኑ ካቴናውን ኪሱ ውስጥ እያንኳኳ ቆሟል።

«ነፋሱ ራሱን አልገደለም» አለች መርማሪዋ። «የጨርቁ ቋጠሮ በክንዱ ጀርባ ነው። ሰው በራሱ ክንድ ላይ ሲያስር በአንድ እጁና በጥርሱ ነው፤ ቋጠሮው ጥርሱ በሚደርስበት ይሆናል። ይህን ግን ሁለት እጅ ያለው ሌላ ሰው ነው ያሰረለት።»

«ብቻውን አልነበረማ» አለ ካቻቢቴ።

«አልነበረም። መሪው ፊትም በራሱ አልተቀመጠም። ውስኪው የፈሰሰው በቀኙ ወንበር ላይ ነው፤ ሱሪውም ርሷል። መነጽሩ በቀኝ፣ ጫማውም በቀኝ ቀርቷል። ሰክሮ በናቪጌተሩ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ገዳዩ ሞተሩን አስነሳ። ከዚያ በግራው በር በኩል ብብቱን ይዞ ጎትቶ አሻገረው፤ ጫማው ከማርሹ ሥር ተይዞ ወለቀ። ሄልሜቱን፣ ቀበቶውንና ጨርቁን አድርጎለት፣ የብረት በሩን ዘግቶ፣ በራሱ በሚቆለፈው ትንሽ በር ወጣ።»

«ለምንድነው የሚያሻግረው?» አለ ሳጅኑ ራሱን ረስቶ። «ጭሱ እኮ ለቀኝም ለግራም ያው ነው።»

«እኔም በዚህ ጥያቄ ነው ያደርኩት። የሞተው ቀኝ ላይ ሆኖ ቢገኝ ማን ይጠራጠር ነበር? መካኒኩ ሁልጊዜ እዚያ ሲቀመጥ ያየዋል። ባለቤቱ ታውቃለች። እህቱ ታውቃለች። ሦስቱም እውነቱን ስለሚያውቁ ቀኙ ወንበር የእሱ ቦታ መሆኑ አይደንቃቸውም። ቀዩን ጨርቅም እንደሚጠላው ያውቃሉ። የተኛውን ሰው ባለበት መተው ያቃተው፣ ነፋሱ በናቪጌተሩ ወንበር ላይ ሞቶ ሲገኝ ማየት የማይችል ሰው ነው።»

ካቻቢቴ ከግድግዳው ተላቀቀ።

«ሟቹ ‹ለብቻው ልነግረው የሚገባኝ ሰው አለ› ብሎ ነበር። ለእህቱ የሚነግራት ምን አለ? ለሚስቱስ? ለካቻቢቴስ? የሚያውቁትን ነገር አይነግራቸውም። እዚህ ካላችሁት የማያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር።»

የሊቀመንበሩ ኮፍያ በእጁ ላይ መዞር አቆመ።

«ግምት ነው ይሄ» አለ በቀስታ።

መርማሪዋ ከሬሳው ክንድ የተቆረጠውን ጨርቅ ኮፈኑ ላይ አስቀመጠች። ከጎኑ ሌላ ጨርቅ አኖረች፤ እሱም ከወዲህ በኩል ተቆርጧል። ሁለቱም በጀርባ በኩል ሁለቴ ተቋጥረዋል፤ የሁለቱም ጫፎች ወደ ውስጥ ተሸጉጠዋል።

«ይህኛውን ትላንት እኔ ክንድ ላይ ያሰሩልኝ እርስዎ ነዎት።»

ሽማግሌው ሁለቱን ቋጠሮዎች ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ኮፍያውን አጠለቀ።

«ጠርቶኝ ነው የመጣሁት» አለ። «‹ከሁሉ በላይ ታማኜ አንተ ነህ፣ ከሰው አፍ እንዳትሰማው› አለኝ። በዚያኛው በር ገብቶ ተቀመጠ። ‹ያን ዕለት የነበርኩት እዚህ ነው፣ ዐይኔን ጨፍኜ› አለኝ። እየሳቀ! ቀለለኝ አለ። ለሱ ቀለለው። ጠጥቶ ተኛ። እኔስ? እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያጨበጨብኩት ለማነው?»

«ለኔ» አለች እህትየው።

ዞሮም አላያትም። «እሁድ ሁሉም ይመጣሉ። ሽማግሌዎች፣ በክራንች የሚሄዱ። ምን ይዘው ይመለሱ? እኔ ነፋሱን አልገደልኩም። የገደልኩት ነፋሱን ሊገድል የነበረውን ሰካራም ነው።» ወደ መርማሪዋ ጣቱን ቀሰረ። «አባትሽ ይህን ቢሰማ ያጨበጭብ ነበር?»

«አላውቅም» አለች መርማሪዋ። እውነቷን ነበር፤ በቅጡ ብታውቅ ኖሮ ሌሊቱን ትተኛ ነበር። «ሳጅን፣ ውሰደው።»

ሚስትየው ወደ እህትየው ቀረበች። «እሁድ ሊናገር ነበር። በእውነት ሊናገር ነበር» አለቻት።

«የምሩን እንደነበር አሁን ነው የምትነግሪኝ?» አለች እህትየው። አልጮኸችም።

ሊቀመንበሩን ወደ መኪና ካስገቡት በኋላ ሳጅኑ ቃል ለመቀበል ተመለሰ። እህትየውን በትሕትና፣ ትንሽም በሐፍረት፣ ወንበር ስቦ አስቀመጣት። የሰጠችውን ቃል ጽፎ እንድትፈርም አቀረበላት። አሮጊቷ መነጽሯን አድርጋ አነበበች።

«‹የሟች እህት፣ ናቪጌተር› ይላል። እሱን ሰርዘው።»

ሳጅኑ አለቃውን አየ። መርማሪዋ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ሰረዘና ከላዩ «አሽከርካሪ» ብሎ ጻፈ።

አሮጊቷ ቃሉን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ይህን የሚያነበው ማነው?»

«ዳኛው» አለች መርማሪዋ።

«ሌላስ?»

መርማሪዋ ቀስ ብላ አሰበች፤ የሚጨመር ሰው ፈለገች።

«ሌላ የለም፣ እትዬ።»

አሮጊቷ ብዕሩን ተቀብላ ፈረመች።